ቢሮው ሲዘጋ ቁልፉን ማን ይይዛል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ከወሎ የደረሱንን ሦስት ደብዳቤዎች አንድ ላይ አውጥተናል። ሦስቱም የሚጠይቁት ስለ አንድ ጉዳይ ነው። ለዓመታት በአካባቢው የሠራ የውጭ አገር በጎ አድራጎት ድርጅት ሥራውን ለአገሬው ሴቶች አስረክቦ ሊዘጋ ሲነሣ፣ የሚረከቡትም ሆኑ ከሥራ የሚወጡት ሰዎች ምን ያድርጉ? የጸሐፊዎቹን ስምና የድርጅቶቹን ማንነት በራሳቸው ፈቃድ አላወጣንም።

ጥያቄ፦ የምኖረው በደቡብ ወሎ ተሁለደሬ ወረዳ፣ ከሐይቅ ከተማ አቅራቢያ ነው። በአንድ የውጭ አገር ድርጅት የመስክ ሠራተኛ ሆኜ ስሠራ 11 ዓመት ሞልቶኛል። ሥራዬ የሴቶች የቁጠባና ብድር ቡድኖችን ማደራጀት፣ ሒሳባቸውን መከታተልና ቅሬታ ሲነሣ ማስማማት ነው። በቅርቡ ኃላፊዎቻችን ሰብስበውን ድርጅቱ በመጪው ሰኔ መጨረሻ ጠቅልሎ እንደሚወጣ፣ ምክንያቱም ገንዘብ ማጣት ሳይሆን ቦታውን ለአገሬው ሴቶች መልቀቅ መሆኑን ነገሩን። ለሴቶቹ ስንነግራቸው ግማሾቹ አለቀሱ፣ ግማሾቹ ዝም አሉ። እኔም ደስ ይበለኝ ወይስ ልዘን አላወቅሁም። አንድ ጊዜ እንኳ በጀት አይተው የማያውቁ ሴቶች በስምንት ወር ውስጥ እንዴት መሪ ይሆናሉ? ይህ አደራ መስጠት ነው ወይስ ጥሎ መሄድ? ተተኪ ድርጅት ቢቋቋምስ፣ መምራት ያለብን ሥራውን የምናውቀው ሠራተኞቹ ነን ወይስ እነርሱ?

መልስ፦ እኅታችን፣ ደብዳቤዎን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ካለቀሱት ይልቅ ያሳሰቡኝ ዝም ያሉት ናቸው፤ እነርሱ በልባቸው የያዙትን ሳይሰማ ማንም ርክክብ መጀመር የለበትም። ሐሳቡ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ድርጅቱ መውጣቱንም አልቃወምም። ነገር ግን መዝጋትና ማስረከብ ለየብቻ ናቸው። መዝጋት በአንድ ደብዳቤ ይፈጸማል። ማስረከብ ግን የሚፈጸመው በገንዘቡ ላይ የመወሰንና «ይህን አንፈልግም» ብሎ የመመለስ ሥልጣን ወደ ሴቶቹ ሲያልፍ ነው፤ ይህም መሆን ያለበት አስረካቢው ገና በቦታው ሳለ፣ ስሕተት ቢፈጠር ለማረም ጊዜ ሳይጠፋ ነው።

ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅምዎታል። እ.ኤ.አ. በ2016 በኢስታንቡል በተደረገው ዓለም አቀፍ የሰብዓዊ ጉዳዮች ጉባኤ ታላላቅ ለጋሾችና ድርጅቶች ከሰብዓዊ ርዳታ ገንዘብ ውስጥ 25 በመቶው እስከ 2020 ድረስ በተቻለ መጠን በቀጥታ ለየአገሩ ድርጅቶች እንዲደርስ ለመሥራት ተስማምተው ነበር። ቀኑ ደረሰ፣ ግቡ ግን አልተመታም። በዚያው በ2020 ዓለም አቀፉ የርዳታ ድርጅት ኦክስፋም በ18 አገሮች ያሉትን ቢሮዎቹን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ «ሥልጣን ወደ አገሬው» የሚለው ንግግር በየስብሰባው ይሰማል፤ ከሚናገሩት መካከል በእርግጥ ወንበራቸውን የሚለቁት ግን ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ የእርስዎ ድርጅት በራሱ ፈቃድ ልሂድ ማለቱን አልንቀውም።

ሌላው መውጫ ምን እንደሚመስል ደግሞ አይተነዋል። በጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በጥምቀት ማግሥት፣ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን ለ90 ቀናት እንዲቆም አዘዘ። የተራድኦ ድርጅቱ ዩኤስኤአይዲም በዚያው ዓመት በሰኔ ወር መጨረሻ ሥራውን አቆመ። በዚያ ገንዘብ ይሠሩ የነበሩ ፕሮግራሞች ሠራተኞቻቸውን ለመሰናበት እንኳ ጊዜ አላገኙም። እናንተ እስከ ሰኔ ስምንት ወር አላችሁ። ስምንት ወር ብዙ ባይሆንም፣ በሥራ ከዋለ ብዙ ነገር የሚሠራበት ጊዜ ነው።

«በጀት አይተው አያውቁም» ያሉት እውነት ነው። ይሁንና ይህን የችሎታ ማነስ አድርጎ መቁጠር ስሕተት ነው፤ ከጀርባው ታሪክ አለው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሴቶች እኩልነትና በሰብዓዊ መብት ላይ እንዳይሠራ ከልክሎ ነበር። በአገራችን ለእንዲህ ያለው ሥራ ከአገር ውስጥ የሚሰበሰበው ገንዘብ እጅግ ትንሽ በመሆኑ፣ ክልከላው ራሳቸውን ችለው ሊያድጉ ይችሉ የነበሩትን የሴቶች ማኅበራት ገና በለጋነታቸው አቀጨጫቸው። በየክልሉ ለሴቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጥ የነበረው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር እንኳ አብዛኞቹን ሠራተኞቹን ለማሰናበት ተገዶ ነበር። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 እስኪተካ ድረስ አሥር ዓመት አለፈ። ዛሬ «ብቁ የሴቶች ድርጅት አላገኘንም» የሚል ለጋሽ ቢመጣ፣ እነዚያን አሥር ዓመታት ቆጥሮ ሊፈርድ ይገባዋል።

ደግሞ ወሎ ሴት መሪ አጥቶ አያውቅም። ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ ሲያመልጡ ያስጠጓቸው የወሎዋ ገዢ ወይዘሮ ወርቂት ናቸው፤ ልጃቸው በቴዎድሮስ እጅ እስረኛ እያለ ያንን ውሳኔ ወሰኑ፤ የልጃቸውንም ሕይወት አስከፈላቸው። በእኛ ዘመን ደግሞ ወይዘሮ አበበች ጎበና ለንግሥ ወደ ግሸን ማርያም በሄዱበት የረሃብ ጊዜ በሞተች እናቷ ጡት ላይ ተጣብቃ ያገኟትን ሕፃን ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ፤ ቤተሰብ ሳይደግፋቸው፣ ለጋሽ የሚባል ነገር ሳያውቁ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ልጆች ያደጉበትን ተቋም ከዚያ ጀመሩ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜም ቢሮ የሚባለው ሁሉ ሲቆለፍ፣ ለተፈናቃዩ ድስት የጣደችው የቅሬዋ፣ ማለት የእድሯ፣ ሴት ነበረች። ማን ምን እንደጎደለው፣ የማን ልጅ እንደታመመ፣ ከማን ቤት ስንት እንጀራ እንደሚወጣ ያለ ወረቀት ታውቅ ነበር። ይህን የምጽፈው ለማመስገን ያህል ብቻ አይደለም። እንዲህ ያለውን ዕውቀት ማንም አማካሪ በሥልጠና ሊሰጠው አይችልም፤ የሚቀረው በጀትና ኦዲት ደግሞ ሊማሩት የሚቻል ነው።

እርስዎ በየሳምንቱ የሚያዩትን ሳጥን ያስቡት። ሦስት ቁልፍ የሚቆለፍበት የቆርቆሮ ሳጥን ነው፤ ሳጥኑ በአንዲቱ ቤት ያድራል፣ ሦስቱ ቁልፎች ግን ከመንደሩ በተለያየ አቅጣጫ በሚኖሩ ሦስት ሴቶች ዘንድ ናቸው። ስብሰባው ሲከፈት ሰብሳቢዋ «ባለፈው ስንት ብር ቀርቶ ነበር?» ብላ ትጠይቃለች፤ ሴቶቹም በአንድ ድምፅ ይመልሳሉ። ከዚያ በኋላ ነው ሳጥኑ የሚከፈተው። ገንዘብ ቆጣሪዋ ጮክ ብላ ትቆጥራለች፣ የቃሉና የሳጥኑ ቁጥር ሲገጥም ወደ ሥራ ይገባል፤ ያረፈደች ቅጣቷን በሳህኑ ላይ ታስቀምጣለች። ማንበብ የማትችለዋ እናት እንኳ የቡድኑን ሒሳብ እስከ ሳንቲሙ በቃሏ ይዛዋለች። ዘዴው ራሱ እ.ኤ.አ. በ1991 በኒጀር፣ በማራዲ፣ ኬር የተባለው ድርጅት ከሴቶች ጋር ሆኖ እኛ እቁብ ከምንለው ዓይነት ልማድ ተነሥቶ የቀመረው ነው። አንድ ነገር ልጠይቅዎ። በእነዚህ 11 ዓመታት የድርጅቱን የዓመት በጀት እንደዚያ ጮክ ብሎ ያነበበላቸው ሰው ነበረ? ካልነበረ፣ በጀት አያውቁም ማለት አንችልም፤ የተከፈተላቸው ሳጥን አልነበረምና።

ስለ ርክክብ ስጽፍ የማልረሳው አንድ ቀን አለ። ከብዙ ዓመት በፊት በአንድ ወረዳ፣ አንድ ድርጅት ፕሮጀክቱን ለሴቶች ማኅበር ሲያስረክብ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ሆኜ ተገኝቼ ነበር። አዳራሹ ቄጠማ ተጎዝጉዞበት፣ ቡናው ተፈልቶ፣ ድግሱ አምሮ ነበር። የርክክቡ ሰነድ ግን ከዳር እስከ ዳር እንግሊዝኛ ነበር። አንዲት እናት አውራ ጣታቸውን ሐምራዊው ቀለም ላይ አስነክተው ከፈረሙ በኋላ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ምን ላይ ነው የፈረምሁት?» ሲሉ ጠየቁኝ። «ዕቃ መረከባችሁን ነው» አልኋቸው። በሰነዱ ውስጥ ተከፍሎ ካላለቀ ብድር ጋር የተያያዘ ግዴታ እንደነበረ አይቼ ነበር፤ በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ሁሉ እንግዳ ፊት፣ ደፍሬ አልተናገርሁም። በዓመቱ በዚያ ሳልፍ ኮምፒውተሩ በጥልፍ ጨርቅ ተሸፍኖ አገኘሁት፤ የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ያ ዝምታዬ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። እርስዎ ግን ገና ጊዜ አለዎት፤ ሰነዱ በአማርኛ፣ አስፈላጊም ከሆነ በኦሮምኛ፣ ተጽፎ ከፊርማው ቀን በፊት በእያንዳንዱ ቡድን ፊት እንዲነበብ አጥብቀው ይጠይቁ።

ከአሁኑ ጀምሮ ኃላፊዎችዎን እንዲህ ቢሏቸው እመክራለሁ። የቀረውን የስምንት ወር በጀት ለሴቶቹ ተወካዮች ይግለጹላቸው፤ የመጨረሻውን ሩብ ዓመት በጀት ደግሞ ሙሉ በሙሉ እነርሱ ይወስኑበት፤ ሠራተኛው አስፈጻሚ ብቻ ይሁን። ውሳኔያቸው ለእናንተ ስሕተት ቢመስላችሁም፣ ሕግ እስካልተጣሰ ድረስ አትሻሩባቸው። ከአስተባባሪው ቢሮ ጋር ብቻ ሲጻጻፉ የኖሩትን ለጋሾች አምጥተው ከሴቶቹ ጋር ፊት ለፊት ያስተዋውቋቸው፤ ሰው የሚሰጠው ለሚያውቀው ነውና፣ ድርጅቱ ትውውቁን ይዞ ከሄደ ንብረቱን ሁሉ ትቶ ቢሄድ እንኳ ብዙ አልተወም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ለአንድ ተግባር ብቻ ያልታሰረ፣ ለሁለትና ለሦስት ዓመት የቤት ኪራይ፣ ለሒሳብ ሠራተኛ ደመወዝና ለኦዲት የሚበቃ ገንዘብ ለተተኪው ይተውላቸው። ለጋሾች ለዘርና ለሥልጠና ሲሰጡ ለጋስ ናቸው፤ ለኪራይና ለደመወዝ ሲሆን ግን እጃቸው ያጥራል። በአዋጅ 1113 መሠረት ለሕዝብ ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት ለአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢው ከ20 በመቶ በላይ ማዋል ስለማይችል፣ ገቢው ትንሽ የሆነ አዲስ ማኅበር ከዚያች 20 በመቶ ውስጥ ቢሮና ሒሳብ ሠራተኛ ማቆም ያቅተዋል። ብዙ አዲስ ማኅበራት የሚወድቁት በዚህ ምክንያት ነው፤ ከወደቁ በኋላ ግን «ሴቶቹ መምራት አቃታቸው» ይባላል። ይህ አነጋገር ያሳዝነኛል።

ማን ይምራ ላሉት የምመልሰው ምናልባት አያስደስትዎት ይሆናል። መሥራቾቹና የቦርዱ አባላት ሴቶቹ መሆን አለባቸው። እርስዎና ባልደረቦችዎ እንግሊዝኛ ትችላላችሁ፣ የሪፖርት አጻጻፍ ታውቃላችሁ፣ ከወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ጋር ትተዋወቃላችሁ፤ ስለዚህ ማንም ሳይከለክላችሁ ተሰብስባችሁ ማኅበር ልትመሠርቱና የሴቶቹን ስም በደንቡ ላይ ልታሰፍሩ ትችላላችሁ። እንዲህ ከሆነ የተለወጠው በበሩ ላይ ያለው ታፔላ ብቻ ይሆናል። ትክክለኛው መንገድ ሴቶቹ ጠቅላላ ጉባኤ ጠርተው ቦርዳቸውን እንዲመርጡ፣ ቦርዱ ደግሞ የሥራ አስኪያጅ ማስታወቂያ እንዲያወጣ ማድረግ ነው፤ እርስዎም እንደማንኛውም አመልካች ይወዳደሩ። በ11 ዓመት ልፋትዎ ቢመርጡዎት ደስታዬ ነው፤ ያን ጊዜ ቀጣሪዎችዎ እነርሱ ይሆናሉ፣ ሊያሰናብቱዎትም ይችላሉ። በከምባታ ዶክተር ቦጋለች ገብሬ ከእኅታቸው ጋር የመሠረቱት ኬኤምጂ የተባለ የሴቶች ድርጅት ከውጭ ብዙ ድጋፍ እያገኘም ሥሩ በአካባቢው እድርና በማኅበረሰብ ውይይት ላይ የቆመ ነበር፤ የሴት ልጅ ግርዛትን ያስቆመው ከውጭ በመጣ ትእዛዝ ሳይሆን ሰዉ ራሱ ተወያይቶ ነው። እንዲህ ያለ ነገር በሐይቅ ዳርቻም የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም።

ጥያቄ፦ በኮምቦልቻ የአንድ ድርጅት ሹፌር ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ቢሮው ለሴቶች አመራር ሲባል ይዘጋል ተብለናል፤ ጥሩ ሐሳብ ነው፣ እኔም እናትና እኅት አለኝ። ነገር ግን የሥራ ስንብት ክፍያ ስንጠይቅ «ገንዘቡ ለሴቶቹ ይትረፍ» የሚል ቃል እየሰማን ነው። የምነዳትን መኪናም ለሴቶቹ እንሰጣለን ይላሉ፤ ይቻላል?

መልስ፦ ወንድማችን፣ የእርስዎ ክፍያ ከሴቶቹ ድርሻ ላይ የሚነሣ ስጦታ አይደለም፤ በሕግ የተቆረጠ ዕዳ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ድርጅቱ በቋሚነት ሲዘጋ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ይከፈላል፤ ድምሩ ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። ድርጅቱ በመዘጋቱ ምክንያት ለሚሰናበት ሠራተኛ ደግሞ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመራል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከሠሩ 30 ቀን ሲደመር ስምንት ጊዜ 10 ቀን፣ 110 ቀን ይሆናል፤ 60ው ሲጨመር የ170 ቀን ደመወዝ ማለት ነው። ይህ ከመዝጊያው በጀት ቀድሞ መቀመጥ ያለበት ገንዘብ ነው። ሴቶቹም ቢሆኑ የሠራተኛ ዕዳ ያለበትን ድርጅት ቢረከቡ፣ ክሱ ነገ በእነርሱ በር ላይ እንዳይመጣ ያሰጋል፤ ስለዚህ እርስዎ መብትዎን ሲጠይቁ እነርሱንም እየጠበቁ ነው።

መኪናዋን በተመለከተ፣ ከቀረጥ ነጻ የገባች ከሆነች ያለ ጉምሩክ ፈቃድ ለሌላ ልትተላለፍ አትችልም። ተቀባዩ ያው መብት የሌለው ከሆነ ቀረጡ ሊጠየቅ ይችላል፤ ይህ የወራት ሥራ በመሆኑ ሰኔ እስኪደርስ መጠበቅ አይገባም። ከዚያ በፊት ግን ሴቶቹ መኪና ይፈልጉ እንደሆነ መጠየቅ ይቀድማል። ነዳጅ፣ ጎማ፣ ኢንሹራንስ፣ የዓመት ምርመራና የሹፌር ደመወዝ በየወሩ ስንት እንደሚፈጅ ከእርስዎ የተሻለ የሚያውቅ የለም፤ ወጪውን በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፉላቸው። አይተውት «ተሽጣ ገንዘቡ ይሰጠን» ቢሉ የሚደነቅ አይሆንም፤ እንዲያ ካሉም የሚፈቀድበትን መንገድ ድርጅቱ ከሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣንና ከጉምሩክ ጋር ይነጋገርበት።

ጥያቄ፦ አሰላሙ አለይኩም፤ ይህን የምትጽፍልኝ ልጄ ናት፣ እኔ ፊደል አልቆጠርሁም። የምኖረው ቃሉ ወረዳ ነው። የቁጠባ ቡድናችን ሰብሳቢ ከሆንሁ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ሴቶቹ በወዳጃም (በጸሎት ስብሰባም) በችግርም ቀን የሚመጡት ወደ እኔ ነው። አሁን ድርጅቱ ሊሄድ ነው፤ ቡድኖቹ ተጠቃላችሁ ማኅበር ሁኑ የሚሉን አሉ፣ ኅብረት ሥራ ሁኑ የሚሉን አሉ። አንዳንዱ ደግሞ የተማረች ልጅ ትምራችሁ፣ ማንበብ የማትችል ሰብሳቢ አያስመዘግባችሁም ይላል። ባለቤቴም ከፈረምሽ ዕዳው በቤታችን ይመጣል ብሎ ሰግቷል። እናንተ ምን ትሉኛላችሁ?

መልስ፦ ወአለይኩሙ ሰላም፣ እናታችን። ስለ ማንበቡ ልጀምር፤ ማንበብ አለመቻልዎ ሰብሳቢ እንዳይሆኑ አይከለክልዎትም። ሴቶቹ ስድስት ዓመት ያመኑዎት በፊደል ስላልነበረ፣ አሁንም ፊደሉን የሚያነብልዎት ሰው መመደብ ይበቃል። ጸሐፊ የምትሆነው የተማረች ልጅ ትሁን፤ አንዲት ብቻ ግን አትሁን፣ ሁለት ይሁኑ። አንዷ ስታነብ ሌላዋ ከጎኗ ሆና ታረጋግጥ፤ አንዷ ያለሌላዋ ፊት ሰነድ አታንብብልዎት። ይህ ልጆቹን ከመጠርጠር የመጣ አይደለም፤ ሳጥኑን በሦስት ቁልፍ ስትቆልፉ ማንን ጠርጥራችሁ ነበር?

የማኅበርና የኅብረት ሥራ ልዩነት ይህ ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበር የአባላቱ ነው፤ አባላት ዕጣ ይገዛሉ፣ ይቆጥባሉ፣ ይበደራሉ፣ ትርፍም ሲኖር ይከፋፈላሉ፤ የሚመዘገበውም በወረዳችሁ የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ነው። ሲቪል ማኅበር የሚባለው ግን ትርፍ አይከፋፈልም፤ ዓላማው ከአባላቱ አልፎ ሌሎችንም መጥቀም ነው፣ ከለጋሽ ርዳታ መቀበልም ይችላል። ለማቋቋም ቢያንስ አምስት መሥራቾች ይበቃሉ፤ ገቢ የሚያስገኝ ሥራም ሊሠራ ይፈቀድለታል፣ ገቢው ግን ለዓላማው እንጂ ለአባላት ኪስ አይውልም። ሥራችሁ ከአማራ ክልል የማይወጣ ከሆነ የክልሉን መዝጋቢ አካል፣ ከአንድ ክልል በላይ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ በአዲስ አበባ ያለውን የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን መጠየቅ ነው።

የእኔን አስተያየት ከፈለጉ፣ ሁለቱን አትቀላቅሏቸው። የቁጠባችሁ ገንዘብ የራሳችሁ ላብ ነው፤ በቁጠባ ቡድን ወይም በኅብረት ሥራ ውስጥ ይቆይ። ድርጅቱ ይሠራው የነበረውን ሌላ ሥራ፣ ማለት ያለ ዕድሜ ጋብቻ ሊፈጸምባት የተቃረበችን ልጅ መከታተሉን፣ ፍርድ ቤት የምትመላለስን ሴት ማገዙን፣ ልትወልድ የደረሰችን ጤና ጣቢያ ማድረሱን፣ ለዚህ ለብቻው ማኅበር አቋቁሙለት። የለጋሽ ገንዘብ ባልመጣ ዓመት ማኅበሩ ሥራ ቢቀንስ እንኳ የእናንተ ሳጥን አይነካም። ተቀላቅሎ ያየሁት ሁሉ መጨረሻው ጠብ ነበር።

የባለቤትዎ ሥጋት የሚናቅ አይደለም፤ ሰው ዕዳን መፍራቱ ለቤቱ ማሰቡ ነው። አብሽሩ ይበሏቸው። በሕግ የተመዘገበ ማኅበር የራሱ ሰውነት አለው፤ ዕዳው የማኅበሩ እንጂ የሰብሳቢዋ ቤት አይሆንም። ይህ የሚፈርሰው እርስዎ በግልዎ ዋስ ሆነው ከፈረሙ ነው። ስለዚህ «የግል ዋስትና» የሚል ቃል ያለበት ወረቀት ቢቀርብልዎት አይፈርሙ፤ የቤታችሁን የመሬት ይዞታ ደብተርም ለማኅበሩ ጉዳይ ለማንም አይስጡ። ደብተሩ ላይ የሁለታችሁም ስም እንዳለ ባለቤትዎ ያውቃሉ፤ አንዳችሁ ያለሌላችሁ ልታስይዙት አትችሉም። ከቻሉ ምዝገባውን የሚያስረዳ ባለሙያ ወደ ቀበሌው ሲመጣ ባሎችም ተጠርተው አብረው ይስሙ፤ ሰምተው ቢቃወሙ እንኳ ሳይሰሙ ከመጠርጠር ይሻላል።

የመጨረሻ ልመናዬ ስለ መተዳደሪያ ደንቡ ነው። ረቂቁን የድርጅቱ ሠራተኞች ከሌላ ማኅበር ገልብጠው ያመጡላችሁ ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ እንደዚያ ነው የሚደረገው። ሳትፈርሙ በፊት በቅሬ እንደምትነጋገሩት ተቀምጣችሁ አንቀጽ በአንቀጽ ይነበብላችሁ፤ ከሁሉ ይበልጥ ሦስት ቦታ ላይ ጆሯችሁን ጣሉ። ሰብሳቢ ስንት ዓመት ትቆያለች? ከባንክ ገንዘብ ለማውጣት ስንት ፊርማ ያስፈልጋል? ሰብሳቢዋ ብታጠፋ አባላት በምን ድምፅ ያወርዷታል? ይህ የመጨረሻው እርስዎንም የሚመለከት ነው፤ ዛሬ እርስዎ ራስዎ ቢጠይቁት ሴቶቹ ነገ ለሚተካዎት ሁሉ መለኪያ ይኖራቸዋል። ልጅዎ ይህን መልስ አንብባልዎት ስትጨርስ፣ በሚቀጥለው የቁጠባ ቀን ለቡድኑም እንድታነብላቸው ይሁን። ያልገባችሁ ወይም ያልተስማማችሁበት ነገር ካለ፣ ደንቡን ከመፈረማችሁ በፊት በድጋሚ ጻፉልን፤ ረቂቁንም ብትልኩልን ከሕግ ባለሙያ ጋር አብረን እናነበዋለን።